ሶቅራጥስ እግሩን የነከረበት ወንዝ ከቦርከና ይበልጣል?

ባለፈው እትም ስለ አቴንስ ኑሮዬ ስጽፍ «ከምሠራበት ቤት ዝቅ ብሎ አስፋልት የለበሰ ወንዝ ነበር» ብዬ ጣል ያደረግኳት አንዲት መስመር የደብዳቤ መዓት አመጣችብኝ። የዛሬው ዓምድ ስለዚሁ ነው። አዲስ ለሆናችሁ፦ እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። በ1983 ዓ.ም. ከአገር ወጥቼ 14 ዓመት አቴንስ ውስጥ፣ ፓንግራቲ በሚባል ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ የጥንታዊ ግሪክኛ መምህርት ቤት ሠርቻለሁ። «ኪሪያ» እላቸው ነበር፤ እንደኛ «ወይዘሮ» መሆኑ ነው። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ መጻሕፍታቸውን እንዳነብላቸው ፊደል አስቆጠሩኝ። መጀመሪያ ትርጉሙ ሳይገባኝ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ድምፁን ብቻ አወጣው ነበር፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያርሙኛል። በኋላ በኋላ ገባኝ። ወንዞቹን ያወቅኳቸው እንዲህ ነው፤ ግማሹን በጆሮዬ፣ ግማሹን በእግሬ።

«እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መምህራችን ሶቅራጥስ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ስለተናገረው ነገር ሲያስተምረን፣ እኔ በሐሳቤ የሣልኩት እንደ አባይ ያለ ወንዝ ነው። እርስዎ ደግሞ አስፋልት ለበሰ አሉ። ለመሆኑ ከቦርከና ይበልጣል?» — ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ

አይበልጥም ልጄ። ቦርከናን በክረምት ሳይሆን በግንቦት አስበው፤ ያኔም ቢሆን ቦርከና ሳያሸንፍ አይቀርም። የኛው ከኩታበር በኩል ተነሥቶ፣ ደሴን አቋርጦ፣ እናንተ ጋ ወርዶ፣ ወደ አዋሽ ገና ብዙ ይጓዛል። ያኛው ኢሊሶስ ይባላል። ከአቴንስ በስተምሥራቅ ካለው ከሂሚቶስ ተራራ ይነሣና የከተማዋን ደቡባዊ ጎን ይዞ ወርዶ ኪፊሶስ ከሚሉት ወንዝ ይቀላቀል ነበር። ትልቁ ኪፊሶስ ነው፤ እሱንም ቢሆን ስትራቦ የተባለው የጥንት ጸሐፊ በዝናብ ጊዜ ደራሽ፣ በበጋ ቀጭን ይለዋል። ዝናባቸው ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ነው። በሐምሌ እኛ ጋ ሰማዩ ሲቀደድ፣ እነሱ ጋ ወንዙ ይነጥፋል።

መምህርህ የነገረህ ወግ ፕላቶ ከጻፋቸው ውይይቶች በአንዱ ውስጥ ያለ ነው። ፋይድሮስ የሚባል ሰው ከከተማው ቅጥር ውጭ ሊንሸራሸር ሲወጣ ሶቅራጥስ ያገኘዋል። በጋ ነው፤ ፀሐዩ አናት ላይ ደርሷል። ሶቅራጥስ ጫማ ማድረግ ልማዱ አልነበረም፤ ያን ዕለት ፋይድሮስም እንዳጋጣሚ ባዶ እግሩን ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ውሃው ውስጥ ገብተው እየተራመዱ ይሄዳሉ። ልብ በል፤ ወንዙን ዳር ዳሩን ይዘው አይደለም፣ ወንዙ ውስጥ ነው። ጥልቀቱን ከዚህ ገምት። ኪሪያ እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ አስቁመውኝ «የአውሮፓ ፍልስፍና ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው» ይሉ ነበር።

ከዚያ ፕላታኖስ የሚሉት ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ቅጠሉ እንደ መዳፍ የተዘረጋ፣ ጥላው እንደ ዋርካ የሰፋ ዛፍ ነው። ሶቅራጥስ ከሥሩ የሚፈልቀውን ውሃ በእግሩ ነክቶ ቅዝቃዜውን ያደንቃል። ዛፉ ላይ ደግሞ ሲካዳ የሚባሉ፣ ክንፍ ያላቸው የሙቀት ጊዜ ነፍሳት ያለ ፋታ ይጮኻሉ። ሶቅራጥስ ስለ እነሱም ተረት አለው፤ ድሮ ሰዎች ነበሩ፣ ዘፈን ቢወዱ ቢወዱ መብልና መጠጥ ረስተው ሞቱ፣ ከነሱም እነዚህ ነፍሳት ተገኙ ይላል። ባቲና አምባሰል በተወለዱበት አገር ይህን የሚጠራጠር ሰው ይገኛል ብዬ አላምንም።

እኔ ከዚህ ወንዝ የምወደው ግን የአማቹን ነገር ነው። መንገድ ላይ ሳሉ ፋይድሮስ «የሰሜን ነፋስ ቦሬያስ ኦሬይቲያን የጠለፋት እዚህ አካባቢ ነው ይባል የለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሶቅራጥስም «ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ መሠዊያውም እዚያ አለ» ይለዋል። ኦሬይቲያ የአቴንስ ንጉሥ ልጅ ናት። ወንዝ ዳር ስትጫወት ነፋስ ጠለፋት፤ ጠለፋ እኛ ጋ ብቻ አይደለም። እንግዲህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የፋርስ ንጉሥ ሰርክሲስ መርከቦቹን አሰልፎ ሲመጣ፣ አቴናውያን «አማቻችሁን ለእርዳታ ጥሩ» የሚል የንግርት ቃል መጣላቸው ብሎ የጥንቱ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ጽፏል። ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ፣ ልጃቸውን የወሰደ ቦሬያስ ስለሆነ አማቻቸው እሱ ሆኖ ተገኘ። ሠዉለት፣ ለመኑት። ማዕበል ተነሣ። ዝቅ አድርገው የሚቆጥሩት እንኳ 400 መርከብ ጠፋ ይላሉ። አቴናውያን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለአማቻቸው ኢሊሶስ ዳር መቅደስ ሠሩለት። «እኛ ጋ ጠለፋ በሽማግሌ ያልቃል» ብላቸው፣ ኪሪያ «እኛ ደግሞ በማዕበል ጨረስነው» አሉኝ።

ወንዙን ዛሬ ብትሄድ አታገኘውም። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኮንክሪት ከድነው መንገድ አወጡበት፤ አንደኛው መንገድ ካሊሮይስ ይባላል፣ እዚያው ከነበረች ካሊሮይ ከምትባል ምንጭ የወረሰው ስም ነው፤ «ውብ ፈሳሽ» ማለት ነው። መኪና ሲጮኽበት ሰምተህ ስሙን ብታስበው ያስቅሃል። በ1896 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ የተደረገበት የእብነ በረድ ስታዲየም ዱሮ ወንዙ ፊት ለፊቱ ያልፍ ነበር፤ ሰው የሚሻገረው በድልድይ ነው። ነሐሴ 1996 ዓ.ም. የአቴንስ ኦሊምፒክ ማራቶን እዚያው ሲጠናቀቅ እኔም ባንዲራዬን ይዤ መንገዱ ላይ ቆሜ ነበር። ሰው ሁሉ ሯጮቹን ሲያይ እኔ አስፋልቱን አይ ነበር፤ የሶቅራጥስ ወንዝ ጣሪያው ላይ ሲሮጥበት።

አንድ ቁራጭ ግን አልተከደነም። ከዜውስ ትልቅ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ በታች፣ አጊያ ፎቲኒ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ድንጋዩና ወለሉ ይታያል። አጊያ ፎቲኒ የሚሏት በወንጌል ጌታ ከያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ውሃ አጠጪኝ ያላትን ሳምራዊት ሴት ነው። ውሃ ለሌለው ወንዝ ውሃ ቀጂ ጠባቂ ሰጡት። እሑድ እሑድ እዚያ ሄጄ ድንጋዩ ላይ እቀመጥ ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ጥቂት ውሃ ይኖራል፣ ካልጣለ ሣርና ቆሻሻ ነው።

«እህቴ፣ እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ሰፈራችን ያለው ወንዝ ድሮ ልብስ የምናጥብበት ነበር፤ አሁን አንድ ቀን ጥቁር፣ አንድ ቀን ቀይ ይወርዳል፤ የቆዳ ሽታውም አያስቀምጥም። እነዚያ የተመሰገኑ ጥንታውያን ወንዛቸውን በንጽሕና ይይዙ ነበር ወይ?» — ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሲደርሰኝ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ስለ ቆዳ የሚናገር ድንጋይ አለ። በእብነ በረድ ተቀርጾ የተገኘ የአቴንስ ሕግ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ5ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለት ሶቅራጥስ በሕይወት የነበረበት ዘመን። የሚለው ይህን ነው፦ ከሄራክሊስ መቅደስ በላይ በኢሊሶስ ውስጥ ቆዳ መዘፍዘፍ ክልክል ነው፤ ቆዳ ማልፋት ክልክል ነው፤ ጥራጊ ወንዙ ውስጥ መጣል ክልክል ነው። ድንጋዩም ተጽፎ በወንዙ ወዲህና ወዲያ እንዲቆም ያዝዛል፤ በአንዱ ዳር የቆመ ሰው አላየሁም እንዳይል ይመስለኛል።

ልጅ ሆኜ ከቤታችን ጀርባ ጀንዲ የሚያለፉ ሽማግሌ ነበሩ። ቆዳው ተዘፍዝፎ ፀጉሩ እስኪለቅ ይከርማል፤ ከዚያ መፋቅ ነው፣ ከዚያ መርገጥ ነው፣ ቀኑን ሙሉ። ለሁላችንም መኝታ፣ ለሁላችንም አቅማዳና ስልቻ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ «ፋቂ» ብለን የምንሰድባቸውም እኛው ነበርን። አቴናውያንም ከዚህ አልዳኑም። ክሌዮን የሚባለው ጉልበተኛ ፖለቲከኛቸው ሀብቱ ከቆዳ ሥራ የመጣ ነበርና፣ የቀልድ ተውኔት ጸሐፊው አሪስቶፋኒስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 መድረክ ላይ ቆዳ ፋቂ እያለ አዋርዶታል። ጫማውን ከማን እንደገዛው አልተጻፈም።

ወደ ሕጉ ልመልስሽ፤ አንዲት ቃል አለችው። «በላይ» ይላል። ከመቅደሱ በላይ። ከመቅደሱ በታች ስለ መዘፍዘፍ የሚል ነገር የለም። ለመቅደሱ የሚመጣው ውሃ ይጥራ እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ማን አሰበ? ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የኛው ነገር ነው። ደሴ ሰዉ ሁሉ የጠላውን ነገር ለቦርከና ይሰጠዋል፤ ቦርከና ደግሞ ቁልቁል ሌላ መሄጃ የለውም፣ እናንተ ጋ ነው። እናንተ የራሳችሁን ጨምራችሁ ለቃሉ ሰው ትልካላችሁ። እኔም ብሆን የስፌት ቤቴን ቁርጥራጭ በማዳበሪያ አስሬ የት እንደምጥለው ብትጠይቂኝ አፍራለሁ።

ሌላም ወንዝ ነበራቸው፤ ኤሪዳኖስ ይባላል፣ ከሊካቪቶስ ኮረብታ ሥር ተነሥቶ በገበያቸው በኩል ያልፋል። ስሙን ከትልቅ የተረት ወንዝ ወስደው ነው የሰጡት፤ ወንዙ ግን ቦይ ነው። የአቴንስ ቆነጃጅት ከኤሪዳኖስ ንጹሕ ውሃ ይቀዳሉ ብሎ የጻፈ ባለቅኔ ቢኖር ካሊማኮስ የተባለው ሌላው ባለቅኔ ይስቅበት ነበር፤ ከብት እንኳ የሚጸየፈው ውሃ ነው ብሎ። ይህን ያቆየልን ስትራቦ ነው። በሮማውያን ዘመን ከደኑትና ተረሳ። ምድር ባቡር ሲቆፍሩ ሞናስቲራኪ ላይ አገኙት፤ አሁን ጣቢያው ውስጥ ባቡር የሚጠብቅ ሰው ቁልቁል ያየዋል።

የዘመኑንም ልንገርሽ፣ ጥንቱ ብቻ ተወቅሶ እንዳይቀር። ከአቴንስ በስተሰሜን አሶፖስ የሚባል ወንዝ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ479 ፋርሶችና ግሪኮች ወንዙን መሃል አድርገው ፕላቴያ አጠገብ ተፋጠጡ። የሁለቱም ወገን ጠንቋዮች የተናገሩት አንድ ዓይነት ነው፦ ባለህበት ከጠበቅህ ታሸንፋለህ፣ ወንዙን ቀድመህ ከተሻገርህ ትሸነፋለህ። ስለዚህ ማንም አልተሻገረም፤ ቀናት አለፉ። የፋርስ ፈረሰኛ ቀስት እየወረወረ ግሪኮችን ከወንዙ ስለከለከላቸው ጋርጋፊያ ከምትባል ምንጭ ይቀዱ ጀመር፤ በመጨረሻ ፈረሰኞቹ እሷንም ደፈኑባቸው። ጦርነቱን ያነሣሣው ውሃ ጥም ነው ብል አልተሳሳትኩም። በዚሁ ወንዝ ዳር ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ፋብሪካዎች የተጣራ ፍሳሽ እንዲለቁበት መንግሥት ፈቀደ። የተጣራ! በ2007 እ.ኤ.አ. ኢኖፊታ በሚባለው የኢንዱስትሪ ከተማ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ሄክሳቫለንት ክሮሚየም የሚባል መርዝ ተገኘና አገር ተናወጠ። ያኔ እኔ ደሴ ተመልሻለሁ፤ ወሬውን በስልክ የነገረችኝ ጓደኛዬ ልጇን የምታጥበው በታሸገ ውሃ ነው ብላ አለቀሰች።

«እትዬ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። 300 ስፓርታውያን በባሕርና በገደል መሃል ባለች ጠባብ መንገድ ሲዋጉ በፊልም አይቻለሁ። አንድ ጓደኛዬ ግን ቦታው ላይ ባሕር የለም ይለኛል። ማን ልክ ነው?» — ከደሴ

ሁለታችሁም። ያቺ ጠባብ መንገድ ተርሞፒሌ ትባላለች፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 አንድ ጋሪ ብቻ የምታሳልፍ ቦታ ነበረባት። ዛሬ ባሕሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቋል። ያራቀው ስፐርኪዮስ የሚባል ወንዝ ነው፤ በየዓመቱ ከተራራ አፈር ይዞ እየወረደ፣ ባሕሩን እየሞላ፣ ሜዳ አደረገው። ክረምት ላይ ቦርከና ቡና መስሎ ሲወርድ አይተህ የለ? ለ2500 ዓመት እንዲያ አድርገው። በዚያው አካባቢ ሄሮዶቱስ ስማቸውን ጠርቶ የሚቆጥራቸው ጥቃቅን ወንዞች አሉ፤ ከነሱ ዲራስ የሚሉት ሄራክሊስ በእሳት ሲቃጠል ሊያጠፋለት ከመሬት የፈለቀ ነው ይባላል። የስፐርኪዮስን ስም ጀግናው አኪሌስም ያነሣዋል፤ አባቱ «ልጄ በደኅና ከተመለሰ ፀጉሩን ለወንዙ እሰጣለሁ» ብሎ ተስሎ ነበር። አኪሌስ እንደማይመለስ ሲያውቅ ፀጉሩን ቆርጦ በሞተው ጓደኛው እጅ ላይ አኖረው። ለሐዘን ፀጉር መቁረጥን አንተም ታውቀዋለህ።

«አማልክት የሚምሉበት ስቲክስ የሚባል ወንዝ የእውነት አለ ወይስ ተረት ነው?» — የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ

አለ፤ በደቡብ ግሪክ፣ ፔሎፖኔዝ ውስጥ፣ ከሄልሞስ ተራራ ገደል የሚወረወር ፏፏቴ ነው። የአገሩ ሰው ማቭሮኔሪ ይለዋል፤ ቃል በቃል «ጥቁር ውሃ» ነው፣ ሐዋሳ አጠገብ እንዳለው። የጥንቱ ባለቅኔ ሄሲዮድ እንደሚለው በስቲክስ ውሃ ምሎ የካደ አምላክ አንድ ዓመት ትንፋሽ አጥቶ ይጋደማል፣ ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ከአማልክት ጉባኤና ማዕድ ይገለላል። እኛ ጋ በውሸት የሚምል ሰው በሳምንቱ ነው ድግስ ላይ የምናየው። ውሃው ብርጭቆውንም ብረቱንም ይበላል፣ የሚችለው የፈረስ ሰኮና ብቻ ነው የሚል እምነት ነበራቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 የሞተውን እስክንድርን የገደለው በሰኮና የተላከለት የዚህ ውሃ ነው የሚል ሐሜትም አለ። እኔ ሄጄ አላየሁትም፤ ኪሪያ በወጣትነታቸው ወጥተው ጠጥተውታል፣ ጥርስ ያሳምማል እንጂ አይገድልም ብለውኛል።

«አንቺ ልጅ፣ አባይና አዋሽ እያሉልን የግሪክ ቦይ ምን አድርጊ ብሎሽ ነው? ደግሞ ወንዝ ያመልኩ ነበር አሉ። እንዲህ ያለውን ለልጅ ማንበብ ደግ ነው?» — አንድ አባት፣ ከደሴ

አባቴ፣ ቁጣዎን በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። አዎ፣ ወንዞቻቸውን እንደ አምላክ ያዩ ነበር፤ የሰው ፊት ያለው በሬ አድርገው ይሥሏቸዋል። ሄሲዮድ ግን ለገበሬ የጻፈውን ምክር ልንገርዎ፦ የሚፈሰውን ውሃ አይተህ ሳትጸልይ፣ እጅህንም ሳትታጠብ ወንዝ አትሻገር፤ ምንጭም ላይ አትሽና። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ቦርከናን ስትሻገር ጫማዋን አውልቃ «በስመ ሥላሴ» ትል ነበር፤ የአባቴ እኅት ከኋላ «ቢስሚላህ» ትላለች። ሁለቱም ወንዝ አላመለኩም። ሁለቱም ግን ውሃው ውስጥ ሲተፋ ካዩ ኩርኩም ነበር።

ስለ አባይ ካነሡ ደግሞ፣ ራሳቸው ግሪኮቹ ወደ አባይ ያመጣሉ። አርጎስ ውስጥ ኢናኮስ የሚባል ወንዝ አለ፤ ዝናብ ካልዘነበ ደረቅ ነው። ምክንያቱን ሲናገሩ፣ ፖሲዶንና ሄራ የሚባሉ አማልክት በአገሩ ባለቤትነት ተከራክረው ኢናኮስ ዳኛ ሆኖ ለሄራ ስለፈረደ፣ ፖሲዶን ተቆጥቶ ውሃውን ነሣው ይላሉ። (በእውነት ፈርዶ ደኸየ፤ ይህም አዲስ ነገር አይደለም።) የኢናኮስ ልጅ ኢዮ ላም ሆና፣ ዝንብ እየነደፋት አገር ላገር ስትሰደድ፣ በጥንታዊ ድራማቸው ውስጥ የሚነገራት መንገድ እንዲህ ነው፦ ወደ ጥቁሮቹ ሕዝቦች ትደርሻለሽ፣ ኢትዮጵስ የሚባለውን ወንዝ ዳር ይዘሽ ሂጂ፣ አባይ ከገደል እስከሚወረወርበት። እንግዲህ የደረቀች ወንዝ ልጅ እኛ ጋ ውሃ ፍለጋ ከመጣች፣ የአባቷን ስም ብናነሣ ምን አለበት?

«እትዬ 10 ዓመቴ ነው። ወንዙ ውስጥ አዞ አለ?» — ከሆጤ

አዞ የለም የኔ ጌታ። ኤሊ ግን አለ። ያ ከብት የሚጸየፈው ያልኩት ኤሪዳኖስ፣ ኬራሚኮስ በሚባል የጥንት መቃብር ቦታ ላይ ለጥቂት ሜትር ከመሬት በላይ ይወጣል፤ ድሮ ሸክላ ሠሪዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። እዚያ በድንጋዩና በሣሩ መሃል ኤሊዎች ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፤ ፀሐይ ሲወጣ አንገታቸውን ይዘረጋሉ። ለእንስሳቱ ምግብ መስጠት አይፈቀድም ነበር። እኔ ግን ሰላጣ በቦርሳዬ ይዤ እገባለሁ፤ ስጥልላቸው ጥበቃው እንዳያየኝ ኪሪያ ከፊቴ ቆመው የመቃብሩን ጽሑፍ የሚያነቡ ይመስሉ ነበር።